ኤክስሬይ «ይለዋወጣል» ወይስ «ይዋዥቃል»?

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ስለ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። መሐላቸው ያለው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ጋዝ ሲስብ አካባቢው እጅግ ስለሚደምቅባቸው ጋላክሲዎች «ንቁ ጋላክሲዎች ኤክስሬይ ይለዋወጣሉ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ግን «ብልጭ ድርግም ይላሉ» ቢባል ይሻላል ትላለች። የቱ ነው ትክክል? ደግሞስ ኤክስሬይ ልበል ወይስ ራጅ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ተቃርባችኋል፤ ግን ሁለቱም አባባል ያላሰባችሁትን ትርጉም ይዞ ይመጣል።

«ደብዳቤ ይለዋወጣሉ» ስንል አንዱ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። «ኤክስሬይ ይለዋወጣሉ» ሲባልም፣ አንዱ ጋላክሲ ለሌላው ኤክስሬይ የሚልክ ይመስላል። «ኤክስሬያቸው ይለዋወጣል» ቢሉ ችግሩ ይቀላል። «ተለወጠ» ደግሞ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ለተሻገረ ነገር ነው።

«ብልጭ ድርግም» የመኪና ፍሬቻ ነው። ድርግም ያለ ነገር ጠፍቷል፤ ምቱም እኩል ነው። የእነዚህ ጋላክሲዎች ኤክስሬይ ግን እንዲህ አይጠፋም፣ ቋሚ ምትም የለውም። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ቀጥሎ መቼ እንደሚደምቅ አይታወቅም።

ለዚህ ቆንጆ ቃል አለን፦ ይዋዥቃል። ቤት ውስጥ ኃይል ሲዋዥቅ አምፖሉ ምን እንደሚሆን ያውቁታል። ይፈዛል፣ ይደምቃል፣ መልሶ ይፈዛል። ልክ እንደዚያ ነው።

ፍጥነቱንም ይጻፉ፤ ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው። ኤንጂሲ 4051 የተባለውን ንቁ ጋላክሲ እንውሰድ። 50 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ኤክስሬዩ በሰዓታት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር በሙሉ አብሮ ለመድመቅ ብርሃን ከዳር እስከ ዳሩ ከሚጓዝበት ጊዜ ያነሰ አይበቃውም። ብርሃን በ1 ሰዓት 1.08 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ይህ ከፀሐይ እስከ ሳተርን ካለው ርቀት ያንሳል። ስለዚህ በ1 ሰዓት የሚዋዥቅ ኤክስሬይ ከዚህ ብዙም ከማይሰፋ ቦታ ይመጣል ማለት ነው። ከአንድ ጋላክሲ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ነጥብ እንኳ አይሞላም! ጥቁር ጉድጓዱ ሲገዝፍ ደግሞ መዋዠቁ ይዘገያል።

አንድ ጥንቃቄ፦ «ጥቁር ጉድጓዱ ይዋዥቃል» አይበሉ። ኤክስሬዩ የሚወጣው ከጉድጓዱ ሳይሆን በዙሪያው ካለው እጅግ የጋለ ጋዝ ነው። የሚዋዥቀው ድምቀቱ ነው።

ራጅን በተመለከተ፣ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እዚያ «ጨረሮች» ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሐኪም ቤት ገብቶ ቀርቷል። «ራጅ ተነሳሁ» እንላለን፤ ምርመራውም ፎቶውም ራጅ ነው። ለሰማዩ ኤክስሬይ ይበሉ። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ጨረሩን ሲያገኘው ምንነቱ ስላልታወቀ ነው «ኤክስ» ያለው፤ ተማሪዎችዎ ከአልጀብራ ያውቁታል።

ዓረፍተ ነገርዎን እንዲህ ባደርገው ደስ ይለኛል፦ «የንቁ ጋላክሲዎች የኤክስሬይ ድምቀት አንዳንዴ በሰዓታት ውስጥ ይዋዥቃል።»