ሎድ ያደረገው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሼ አሁን ታናናሾቼን አስጠናለሁ፤ ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ የመጡ ልጆች ናቸው። በኔትወርክ በኩል የሌላ ኮምፒውተር ዲስክ የሚያስጠቅመውን የኤንቢዲ ድራይቨር ሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ እንዴት እንደሚጨምሩ በአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀሁላቸው ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሞጁሉ ሎድ ሲያደርግ ሰርቨሩ ኮኔክት ያደርግና ዲስኩ ማውንት ያደርጋል።» ልጆቹ አልገባንም አሉ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «የፈረንጅ ቃል አብዝተሻል፣ ሁሉንም በአማርኛ አድርጊው» አለኝ። ቃላቱን ልለውጣቸው? ደግሞስ «ወደ ከርነሉ ጨመርኩ» ነው የሚባለው፣ «ከርነሉ ላይ» ወይስ «ከርነሉ ውስጥ»?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ቃላቱን አትንኪያቸው። ከርነል፣ ሞጁል፣ ሰርቨር፣ ማውንት፣ ሁሉም ልጆቹ ስክሪኑ ላይ የሚያዩዋቸው፣ እርስ በርሳቸውም የሚነጋገሩባቸው ናቸው። ያደናገራቸው ሌላ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገርሽ ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

እስቲ አንድ በአንድ እንየው። «ሞጁሉ ሎድ ሲያደርግ» ብለሻል። ሞጁል ከርነሉ ላይ የሚጨመር ቁራጭ ፕሮግራም ነው፤ ታዲያ ምኑን ነው ሎድ የሚያደርገው? ትእዛዙን የምትሰጪው አንቺ ነሽ፣ ተቀብሎ ሜሞሪ ላይ የሚያስቀምጠው ከርነሉ ነው። ሞጁሉ ተደራጊ ነው። «ሰርቨሩ ኮኔክት ያደርግና» ብለሻል። ሰርቨሩ፣ ማለትም ዲስኩን የሚያቀርበው ፕሮግራም፣ በ10809 ፖርት (የኔትወርክ በር) ላይ ሆኖ ይጠብቃል እንጂ ወደ ማንም አይሄድም። ኮኔክት የሚያደርገው ክላይንቱ፣ ማለትም ዲስኩን የሚጠይቀው ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ አልተጠራም። «ዲስኩ ማውንት ያደርጋል» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ ዲስክ ማውንት ይደረጋል (ፋይሎቹ እንዲታዩ ከሲስተሙ ጋር ይያያዛል) እንጂ አያደርግም። ሦስት ግስ አለ፤ ሦስቱም ያለ ባለቤታቸው ቆመዋል። ልጆቹ አልገባንም ማለታቸው ትክክል ነው።

ይህ አነጋገር ከየት መጣ? አማርኛ የራሱ የሆኑ ጥንድ ግሶች አሉት። «ብቅ አለ» ስንል ራሱ ነው የወጣው፤ «ብቅ አደረገ» ስንል ሌላ ነገር አውጥቷል። «ዝም አለ» እና «ዝም አደረገ»፣ «ብድግ አለ» እና «ብድግ አደረገ» እንዲሁ ናቸው። «አለ» ለራስ ነው፣ «አደረገ» በሌላ ላይ ነው። ከውጭ የመጡት ቃላት ግን «አደረገ»ን ብቻ ይዘው ገቡ። «ሎድ አለ» የሚል ሰው የለም። ስለዚህ በንግግር «አደረገ» የሁለቱንም ሥራ መሥራት ጀመረ። «ስልኬ ቻርጅ እያደረገ ነው» እንላለን፤ ስልኩ ምንም ቻርጅ እንደማያደርግ ግን ሁላችንም እናውቃለን። «ኮምፒውተሩ ሃንግ አደረገ»፣ «ክራሽ አደረገ» እንላለን፤ እነዚህ ላይ ሌላ ተደራጊ ስለሌለ ችግር የለም፣ እንዳሉ ጻፊያቸው። ሎድ፣ ማውንት፣ ኮምፓይል (ምንጭ ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጥ) ላይ ግን አድራጊም ተደራጊም አለ። ቤት ውስጥ ስናወራ አካባቢው ይገልጠዋል። መመሪያ ላይ የሚገልጠው ጽሑፉ ብቻ ነው።

አንቺ ደግሞ ይህንን ለመማር ሩቅ መሄድ የለብሽም። እዚያው ጎጃም፣ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ቅኔ ሊማር የገባ ተማሪ ግስ ሲያጠና አምስቱን አዕማድ፣ ማለትም ግሱ ማን በማን ላይ እንዳደረገ የሚያሳይባቸውን መልኮች፣ ይማራል፦ አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። ስማቸውን ልብ በይ። ሁሉም የወጡት «አደረገ» ከሚለው ግስ ነው። አንቺ በየመስመሩ የምትጠቀሚበት ግስ ማለት ነው። እንግዲህ «ከርነሉን ኮምፓይል አደረግኩት» አድራጊ ነው። «ከርነሉ ኮምፓይል ተደረገ» ተደራጊ ነው። ራስሽ ሳትሠሪው ለባለሙያ ሰጥተሽ ከሆነ «ኮምፒውተሬን ፎርማት አስደረግኩት» ትያለሽ። የፈረንጁ ቃል ቢኖርም ባይኖርም አዕማዱ አይለወጡም። ጓደኛሽ ቃሉን ከሚቆጥር ይህንን ቢያይልሽ ይሻል ነበር።

አድራጊ ካለ ደግሞ «ን»ን አትርሺ። «ከርነሉ ሞጁሉ ሎድ አደረገ» ብለሽ ብትጽፊ ሁለት የታወቁ ስሞች ፊት ለፊት ይቆማሉ። «ከርነሉ ሞጁሉን ሎድ አደረገው» ሲሆን ነገሩ ያልቃል።

ያንቺን ዓረፍተ ነገር እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ሞጁሉን በሞድፕሮብ ትእዛዝ ሎድ እናደርገዋለን። ሎድ ሲደረግ ባዶ የኤንቢዲ ዲቫይሶች ብቅ ይላሉ፤ ካልቀየርነው 16 ናቸው። እስካሁን ከማንም ጋር ግንኙነት የለም። ቀጥሎ የኤንቢዲ ክላይንቱን እናስነሳለን። ክላይንቱ ከሰርቨሩ ጋር ኮኔክት ያደርጋል፤ የዲስኩን መጠን ያውቃል፤ ከዚያ ሶኬቱን (የግንኙነቱን ጫፍ) ለከርነሉ ያስረክባል። አሁን የመጀመሪያው ዲቫይስ፣ ኤንቢዲ ዜሮ፣ እንደ ሌላ ዲስክ ይሠራል። ፋይል ሲስተም ካለው ማውንት እናደርገዋለን።» ረዘመ። ይርዘም። ያንቺ አጭሩ ዓረፍተ ነገር ክላይንቱንም ሶኬቱንም ውጦ ነበር።

«ሎድ»ን በ«ጫነ» ልተካው ካልሽ ግን ተጠንቀቂ። «ጫነ» ጥሩ ቃል ነው፤ ሰውም «ሶፍትዌር ጫንኩ» ይላል። ችግሩ ኢንስቶልም ሎድም ሁለቱም «መጫን» ይሆናሉ፤ ሞጁል ደግሞ አንዴ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላ ጊዜ ሜሞሪ ላይ ይወጣል። በዚያ ላይ «ኢንተር ተጫኑ፤ ሞጁሉ ይጫናል» ስትይ የመጀመሪያው በጣት መጫን ነው፣ ሁለተኛው መሸከም። ለኢንስቶል «ጫነ»ን ያዢ፤ ለሜሞሪው «ሎድ አደረገ» ይሁንልሽ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። «ወደ» መንቀሳቀስ ያለበትን ግስ ይወዳል፦ ሄደ፣ ላከ፣ ገባ። «ጨመረ» ግን «ወደ»ን አይፈልግም። ወጥ የምትሠራ እናት «ጨው ጨመርኩበት» ትላለች፤ «ወደ ወጡ ጨመርኩ» አትልም። እሱን ተይው።

«ላይ» እና «ውስጥ» ግን ሁለቱም አማርኛ ናቸው፤ ትርጉማቸው ይለያያል። «ብሩን ኪሱ ውስጥ ጨመረው» ስንል ከተተው ማለታችን ነው። «ደሞዙ ላይ ጨመረለት» ስንል ደግሞ በነበረው ላይ ተደረበ። ይህ ልዩነት ለአንቺ ሥራ በልክ የተሰፋ ነው። የከርነሉ አማራጮች የሚመረጡበትን ሜኑኮንፊግ ስትከፍቺ የኤንቢዲው መስመር ላይ የኮከብ ምልክት ካደረግሽ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር አንድ ሆኖ ይገነባል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ በሞድፕሮብ መጥራትም አያስፈልግም። ይህንን «ከርነሉ ውስጥ ጨመርነው» በይ። «ኤም» ካደረግሽ ለብቻው ፋይል ይሆናል፤ ስትፈልጊ እየሠራ ያለው ከርነል ላይ ታወጪዋለሽ፣ ሳትፈልጊ ታወርጂዋለሽ። ይህ «ከርነሉ ላይ ጨመርነው» ነው። ገና ምንጭ ኮዱን እየነካሽ ከሆነ፣ ማለትም ፋይሉን ብሎክ ድራይቨሮች ያሉበት ፎልደር አስገብተሽ ኬኮንፊግ እና ሜክፋይል የተባሉት የግንባታ ፋይሎች ላይ መስመር እየጻፍሽ ከሆነ፣ «ምንጭ ኮዱ ላይ ጨመርን» ብለሽ ስሙን ጥሪ። «ከርነል» ብቻ ካልሽ የትኛውን ደረጃ እንደሆነ አይታወቅም።

በነገራችን ላይ «ድራይቨርሶች» አትበይ፤ ሁለት ጊዜ ማብዛት ነው። «ድራይቨሮች» በቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ መመሪያሽ ላይ ማስጠንቀቂያ ማስገባትሽ አይቀርምና። ይህንን ድራይቨር ለሊኑክስ የጻፈው ፓቬል ማኸክ ነው፤ በ1997 እ.ኤ.አ.። የኮዱ ራስጌ ላይ ስዋፕን (ሜሞሪ ሲጠብ ዳታ ዲስክ ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ) በዚህ ዲቫይስ ላይ ማድረግ እንደማይቻል፣ የሚሠራ ቢመስልም አንዳንዴ ዴድሎክ (እርስ በርስ መቆላለፍ) እንደሚፈጠር አስፍሯል። ክላይንትና ሰርቨር አንድ ማሽን ላይ ሆነው ሜሞሪ ሲጠብም ይኸው ችግር አለ። ከርነሉ ሜሞሪ ለማስለቀቅ ዳታውን ለሰርቨሩ ይሰጣል፤ ሰርቨሩ ዳታውን ለመቀበል ራሱ ሜሞሪ ይፈልጋል። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ ማንም አይንቀሳቀስም። እዚህ ላይ ተደራራጊው ዓምድ ይጠቅምሻል፦ «ከርነሉና ሰርቨሩ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ።» «እርስ በርስ» የሚለውን አትተዪው። «ተጠባበቀ» ብቻውን ሲሆን የአንድ ሰውም መጠበቅ ሊሆን ይችላል፤ «ውጤቱን እየተጠባበቀ ነው» እንደምንለው። «ሲስተሙ ሃንግ ያደርጋል» ብለሽ ብታልፊው ግን ልጆቹ ምን እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አያውቁም።