ኩላሊት ከራስ ሕዋስ ይበቅላልን? የወሎ ጠያቂዎች ጥያቄና የሕብረ ሕዋስ ባለሙያው መልስ

ከደሴ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ በሳምንት ሦስት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ይደረግለታል። ከገዛ ሕዋሱ አዲስ ኩላሊት ይበቅልለታል ሲባል ሰምተን እየጠበቅን ነው።

መልስ፦ አብሽሩ፤ ግን እሱን አትጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2013 በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች የአይጥን ኩላሊት በደም ሥሩ በኩል እንደ ሳሙና ባለ ፈሳሽ አጥበው ሕዋሳቱን ካስወገዱ በኋላ፣ የቀረውን ገርጣ ያለ ቀፎ በአዳዲስ ሕዋሳት ሞልተው አይጥ ላይ ሲተክሉት ሽንት አመንጭቷል፤ የማጣራት አቅሙ ግን ከጤነኛው እጅግ ያነሰ ነበር። ዋናው ፈተና የደም ሥሩ ነው። የሰው ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያዎች አሉት፤ እያንዳንዱም ከፀጉር በቀጠኑ ደም ሥሮች የተጎነጎነ በመሆኑ፣ የውስጥ ግድግዳቸው በሕዋስ ሳይሸፈን የቀረበት ቦታ ካለ ደሙ እዚያው ይረጋል። ስለዚህ ወንድምዎ እጥበቱን አንድ ቀን እንኳ አያቋርጥ፤ ለመለገስ ፈቃደኛ የሆነ ዘመድ ካለም ምርመራው አሁኑኑ ይጀመር። ንቅለ ተከላው በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል።

ከኮምቦልቻ፦ ውጭ አገር ስቴም ሴል በመርፌ ሰጥተው ኩላሊት የሚያድኑ አሉ ይባላል። ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ ገንዘብ አይላኩ። ስቴም ሴል ማለት ተራብቶ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን የሚችል እናት ሕዋስ ነው። በስዊድን በስቴም ሴል የተለበጠ የፕላስቲክ የመተንፈሻ ቧንቧ የተተከለላቸው ሦስት ታካሚዎች ሞተዋል፤ ሐኪሙም እ.ኤ.አ. በ2023 በይግባኝ ፍርድ ቤት እስራት ተፈርዶበታል። ያ የሆነው በታወቀ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ በማያውቁት ቦታማ ይበልጥ ያሰጋል።

ከወልዲያ፦ የአሳማ ኩላሊትስ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 በሕይወት ላለ ሰው ተተክሏል። ያ ሌላ ዘርፍ ነው።

ከሐይቅ፦ ወንድሜ፣ አሳማ እኮ ሐራም ነው!

ከላሊበላ፦ ነፍስ ለማዳን ከሆነስ? መጀመሪያ ሸኾቹን እንጠይቅ።

ከሐይቅ፦ ጠይቀን የለ እንዴ? አልተስማሙም።

መልስ፦ ይህን ለሸኾቹና ለካህናቱ ተዉላቸው፤ ወደ ሕዋሱ እንመለስ።

ከቦሩ ሜዳ፦ አንድ ዓይኑ በኖራ ለተቃጠለ ሰውስ ተስፋ አለ?

መልስ፦ አለ። ከጤነኛው ዓይን ጠርዝ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ቁራጭ ተወስዳ፣ ስቴም ሴሎቿ በላቦራቶሪ ተራብተው በተጎዳው ዓይን ላይ ይለጠፋሉ። አውሮፓ ይህን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2015 ፈቅዷል። ሽፋኑ ስስ ስለሆነና የራሱ ደም ሥር ስለማያስፈልገው ከኩላሊት ቀድሞ ተሳካ።

ከወረኢሉ፦ ስቴም ሴል ያድናል ወይ?

መልስ፦ የትኛውን በሽታ? ስለ ኩላሊት ከሆነ ከላይ መልሻለሁ፤ እጥበት አይቋረጥ፣ ገንዘብ አይላክ። ስለ ሌላ ከሆነ የበሽታውን ስም ጽፈው ይመለሱ።