ከስዴ ቦከር ድንጋይ ላይ ያለው ብርቱካናማ ቅርፊት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በደቡብ እስራኤል፣ ቤር ሼቫ ነው። በበዓል ሰሞን ከቤተሰቤ ጋር በኔጌቭ በረሃ ወዳለው ስዴ ቦከር ወጣ ብለን ሳለ ነጫጭ ድንጋዮች ላይ ብርቱካናማ ቅርፊት አየን። ልጄ «ቀለም ነው» አለ። በጥፍሬ ብፍቀው ግን አልላቀቅ አለኝ። አንዱን ድንጋይ አምጥቼ በረንዳዬ ላይ ባስቀምጠውና ጠዋት ማታ ውሃ ባጠጣው ይሰፋልኝ ይሆን?

መልስ፦ እባክዎ የውሃውን ጣሳ ያስቀምጡት። ቀለም አይደለም፤ ሕይወት ያለው ላይከን ነው። ከገለጻዎ ተነሥቼ ስገምት ካሎፕላካ አውራንቲያ የሚባለው ዝርያ ይመስለኛል፤ በኔጌቭ የኖራ ድንጋይ ላይ ይገኛል። ተማሪዎቼ ሁሉ «ተክል ነው?» ይሉኝ ነበር። አይደለም። ፈንገስና አልጌ የሚባል ደቃቅ አረንጓዴ ፍጥረት አብረው የሚኖሩበት ነው፤ አልጌው ከብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፣ ፈንገሱ ይሸፍነዋል። አልላቀቅ ያለዎት የፈንገሱ ክሮች ድንጋዩን ጨብጠው ስለያዙ ነው። ብርቱካናማው ቀለምም ከኃይለኛ ፀሐይ ይከልለዋል።

በዚያ ምድር በዓመት የሚዘንበው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ላይከኑ ግን ጤዛ ይበቃዋል። ሌሊት ይርሳል፣ ጎህ ሲቀድ ምግብ ይሠራል፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ደርቆ ሥራ ያቆማል። ዘወትር ርጥብ ካደረጉት አየር እንደ ልብ አይገባውም፤ የሠራውንም ምግብ በትንፋሽ ይጨርሰዋል። ቢስማማው እንኳ እድገቱ በሚሊ ሜትር የሚለካ ስለሆነ የበረንዳዎ ጌጥ እስኪሆን ልጅዎ የልጅ ልጅ ያያል።

ለልጅዎ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለኝ። በዚያው በኔጌቭ ተራሮች ድንጋይ የሚበሉ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች አሉ! የሚፈልጉት ድንጋዩን ሳይሆን ከገጹ ሥር ተደብቆ የሚኖር ሌላ ላይከን ነው፤ እሱን ለማግኘት ድንጋዩን በሻካራ ምላሳቸው ይፍቃሉ፣ ፍቅፋቂውም በኩሳቸው ወጥቶ አፈር ይሆናል። ሻካክ፣ ጆንስና ግራኖት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በዚህ መንገድ በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት ከ0.7 እስከ 1.1 ቶን ድንጋይ ወደ አፈር እንደሚለወጥ አስልተዋል። ከዚህ ወዲያ ቀንድ አውጣን ሰነፍ የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም።

ድንጋዩን እዚያው ይተዉትና በብርዱ ወራት ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ልጁን ማጉያ መነጽር አስይዘው ይመለሱ።