ኤርምያስ 29፥11 ቀን ቆርጦልናል?

ጥያቄ፦ ኤርምያስ 29፥11ን ስልኬ ላይ ለጥፌ በየማለዳው እያነበብኩ ስለ ቪዛ ጸለይኩ። ተከለከልኩ። ቃሉ ለእኔ አይሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለው ቃል ከደብዳቤ መሐል የተቀነጨበ ነው። ኤርምያስ የጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ከይሁዳ ንጉሥ ከኢኮንያን ጋር ወደ ባቢሎን ለተጋዙት ነው። ከፍ ብሎ ቁጥር 10 ላይ መጀመሪያ ሰባው ዓመት ይፈጸም ይላል። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሰባውን ከዚያው ቀን ቢቆጥር መቶ ሊሞላው ነው! እንግዲህ ብዙዎቹ አድማጮች ተስፋውን የሰሙት አገራቸውን ዳግም ላያዩ ነው።

ምዕራፍ 28ን ካላነበቡ ግን ነገሩ አይገባም። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሕዝብ ፊት ለባቢሎን የመገዛት ምልክት ሆኖ ኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውን የእንጨት ቀንበር ወስዶ ሰበረና «በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኮኞቹ ይመለሳሉ» አለ። ሕዝቡ መስማት የሚወደው ይህንኑ ነበር። በእግዚአብሔር ስም አጭር ቀን የቆረጠው ሐሰተኛው ነቢይ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ። እኛም ጥቅሱን ከቃለ መጠይቅ ቀን ጋር ስናስር፣ ሳናውቀው የምንጸልየው በሐናንያ ትንቢት ነው።

ጥቅሱ መጀመሪያ ላይ «ለእናንተ» የሚለው ደግሞ በዕብራይስጡም የብዙ ቁጥር ነው። የምረቃ ካርድ ላይ «ለአንቺ» ተብሎ ሲለወጥ ሕዝቡ ከጥቅሱ ይወጣል። «ፍጻሜ» የተባለው የዕብራይስጥ ቃል አሐሪት የኋላውን፣ መጨረሻውን ያመለክታል፤ ሽማግሌ «መጨረሻህን ያሳምረው» ብሎ ሲመርቅ እንዳለው።

ታዲያ ክርስቲያን ጥቅሱን ይተወው? የለም። 1ኛ ጴጥሮስ አማኞችን መጻተኞች ይላቸዋል፤ ተስፋቸውም በክርስቶስ ትንሣኤ የተገኘ ሕያው ተስፋ ነው (1፥3)። የእኛ «ፍጻሜ» እዚያ ነው የታሰረው። ቪዛ ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፤ መለመኑ ግን ነውር የለውም።

ለዚህ ሳምንት ምዕራፍ 28ንና 29ን በአንድ መቀመጫ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ። አርባ ዘጠኝ ቁጥር ነው፣ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ከዚያ በምዕራፍ 29 ከቁጥር 5 እስከ 7 ላይ ይቆዩ፦ ቤት ሥሩ፣ ትከሉ፣ አግቡ፣ ስለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል። «ቪዛው እስኪመጣ» ብለው ያቆሙት ሥራ፣ ትምህርት ወይም ጋብቻ ካለ ይጻፉትና አንዱን ይጀምሩ። በጸሎትዎም የሚኖሩበትን ሰፈር በስሙ ይጥሩ።

የክልከላውን ወረቀትም ደግመው ያንብቡት። የጎደለ ሰነድ ካለ አሟልቶ እንደገና ማመልከት የእምነት ማነስ አይደለም።