በመቶ ሃምሳ ዶላር የማስፈራሪያ ቤት መሥራት ይቻላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአሥራ ሁለትና የዘጠኝ ዓመት ልጆቼ ዘንድሮ ለሃሎዊን ጋራዣችን ውስጥ የማስፈራሪያ ቤት ሠርተን የሰፈሩን ልጆች እንድንጋብዝ አጥብቀው ለምነውኛል። ለዚህ ማውጣት የምችለው ቢበዛ መቶ ሃምሳ ዶላር ሲሆን፣ ሱቅ ውስጥ ያየሁት አንድ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ብቻውን ከዚህ በላይ ያወጣል። አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ የሬሳና የመቃብር ምስል በቤታችን ደጃፍ እንዲቆም አትፈልግም፤ እኔም እሷን ማስቀየም አልሻም። ልጆቼን የሚያስደስት፣ እናቴን የማያስከፋ፣ አቅሜንም የማይጎዳ መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ይኖራል፤ እንዲያውም በቤት የሚሠራ የማስፈራሪያ ቤት የተስፋፋው በችግር ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት፣ የአሜሪካ ጎረምሶች በሃሎዊን ምሽት የሰው ንብረት እያበላሹ ሲያስቸግሩ፣ ወላጆች ልጆቹን ከመንገድ ለመሰብሰብ ሲሉ ምድር ቤታቸውን አጨልመው ያስገቧቸው ጀመር፤ ግድግዳው ላይ አሮጌ የጸጉር ልብስና ጥሬ ጉበት ይሰቅሉና ልጆቹ በጨለማ እየዳበሱ እንዲያልፉ ያደርጉ ነበር። ኋላ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ የተከፈተውን ሆንትድ ማንሽንን የመሳሰሉ መዝናኛዎች ሥራውን ወደ ውድ መሣሪያ ወሰዱት። ሰውን የሚያስደነግጠው ነገር ግን ያኔም ሆነ ዛሬ ጨለማ፣ ድምፅና የሚመጣውን አለማወቅ ነው፤ ለእነዚህ ደግሞ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

ስለዚህ አሻንጉሊቱን ይተዉትና ገንዘብዎን አስቀድመው እንግዶችዎ በሰላም ገብተው በሰላም እንዲወጡ በሚያደርጉ ነገሮች ላይ ያውሉት፦ በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ መብራቶች፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የጭስ ጠቋሚ፣ እንዲሁም ጨርቅ ላይ የሚረጭ እሳት ተከላካይ ፈሳሽ። ከዚህ የሚተርፈው ለጨርቅ፣ ለገመድና ለቀለም ይበቃዎታል።

ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 1984 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሲክስ ፍላግስ ግሬት አድቬንቸር በተባለው መዝናኛ ውስጥ የነበረው የማስፈራሪያ ቤት ተቃጥሎ ስምንት ወጣቶች ሞተዋል። መተላለፊያው ጨለማና ጠመዝማዛ ነበር፤ እሳቱ የተነሣው አንድ ጎብኚ መንገዱን ለማየት የለኮሰው ላይተር ግድግዳውን የሸፈነውን ስፖንጅ በመንካቱ እንደሆነ ተነግሯል። ቤቱ ውኃ የሚረጭ የእሳት መከላከያ አልነበረውም። ዛሬ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የማስፈራሪያ ቤቶች ጥብቅ ደንብ ያለባቸው ከዚህ አደጋ በተገኘ ትምህርት ጭምር ነው። የእርስዎ ጋራዥ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ጨለማ፣ ጠባብ መንገድና ተቀጣጣይ ጨርቅ እዚያም አንድ ላይ ይገናኛሉ። በመሆኑም ስፖንጅ ግድግዳ ላይ አይለጥፉ፤ ሻማም አያብሩ። ለሽታው ሲባል ከሰል አቀጣጥሎ ዕጣን ማጨስም ፈጽሞ አይገባም፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የከሰል ጋዝ ሳይታይና ሳይሸት ሰው ይገድላልና።

አሁን ወደ ግንባታው እንምጣ። ሁለት መኪና የሚያቆም ጋራዥ በአብዛኛው በየጎኑ ስድስት ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጥረው አሮጌ አንሶላ ቢሰቅሉበትና ቦታውን በአራት ረድፍ ቢከፍሉት፣ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ከሃያ ሜትር የማያንስ መንገድ ያገኛሉ። አንሶላ ከሌለዎት ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ሱቆች ውስጥ በርካሽ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚመርጠው ጥቁር ፕላስቲክ ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም ቶሎ ይቀጣጠላል፤ እየቀለጠም ይንጠባጠባል፤ ስለዚህ አልመክረውም። የመተላለፊያው ስፋት ከአንድ ሜትር አይነስ። አንሶላውን በሚስማር ከመምታት ይልቅ በልብስ መቆንጠጫ ይያዙት፤ አንድ ልጅ ቢደናገጥ ወይም አንድ ነገር ቢፈጠር ጎተት ሲያደርጉት ከነመቆንጠጫው ይወድቅና መንገዱ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ወለሉ ላይ ገመድም ሆነ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ አይጋደም። አንድ ትልቅ ሰው ዋናው የመብራት ማብሪያ አጠገብ ቆሞ ይጠብቅ፤ የጋራዡ የጎን በርም እስከ መጨረሻው ሳይቆለፍ ይቆይ።

ጨለማውን በራሱ መሣሪያ ማድረግ ይቻላል። ዓይናችን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል። መግቢያው ላይ ደማቅ ነጭ መብራት አድርገው ልጆቹን እዚያ ጥቂት ቢያቆዩአቸውና ከዚያ መጋረጃውን ገልጠው ቢያስገቧቸው፣ የመጀመሪያዎቹን ረድፎች የሚያልፉት ምንም ሳያዩ ነው። ከላይ ተንጠልጥሎ ፊትን የሚነካ እርጥብ ክር ያን ጊዜ ብዙ ሥራ ይሠራል።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን መስተዋቱን ነው። በጣሊያን የኡርቢኖ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆቫኒ ካፑቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች በደብዛዛ ብርሃን የገዛ ፊታቸውን በመስተዋት ትኩር ብለው ሲመለከቱ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ፊታቸው ሲጣመም፣ አልፎ አልፎም የማያውቁት ሰው ወይም እንግዳ ፍጡር ሲመስል እንደሚያዩ ገልጸዋል። መንገዱ መሐል አንድ አሮጌ መስተዋት ያቁሙ፤ ከተመልካቹ ጀርባ በወረቀት የተሸፈነች ደካማ የባትሪ መብራት ያኑሩና «ዓይንህን ሳትነቅል እስከ ሃምሳ ቁጠር» የሚል ጽሑፍ ይለጥፉ። ይህ ግን ለአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅዎና ለእኩዮቹ ነው፤ ለትንንሾቹ ይከብዳል።

የእናትዎን ነገር በተመለከተ፣ ቅሬታቸውን እንደ እንቅፋት አይዩት። ሬሳና መቃብር ሳያስፈልግ የሚያስፈራ ነገር በእኛው ተረት ውስጥ ሞልቷል፤ ጭራቅና አያ ጅቦ ሲነገረን ያደግን ሰዎች ነን። እናትዎ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ከልጅነታቸው የሚያስታውሱትን የአያ ጅቦ ተረት ቀስ ባለ ድምፅ በአማርኛ ይተርኩና በስልክ ይቅዱት። ከዚያ ስልኩን ልጆቹ አልፈው ከሚሄዱበት መጋረጃ ጀርባ ይደብቁት። ከፊት የሚመጣ ድምፅ ልጅን ያስቆመዋል፤ ከኋላው የሚሰማው ግን ወደፊት ያስኬደዋል። የሰፈሩ ልጆች ቋንቋውን ባይሰሙም የአሮጊቷ ድምፅ በጨለማ ውስጥ ሲንሾካሾክ መስማታቸው ይበቃል፤ መጨረሻው ላይ ከዝቅታ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣው የጅብ ጩኸት ቢጨመርበት ደግሞ፣ ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ ልጅ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀው ድምፅ ይሆንበታል። የጅቡንም ምስል ከፍሪጅ ካርቶን ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ትከሻው ከፍ፣ ወገቡ ዝቅ ይበል። ከዓይኖቹ ኋላ ሁለት ትንንሽ መብራት ማድረግ እንጂ ጥርሱን ማሳመር አያስፈልግም።

የሚያስፈራሩ ጎረምሶች ካሉዎት ሦስት ነገር ያስጠኗቸው፦ ማንንም አይንኩ፤ ማንንም አያባርሩ፤ አንድ ጊዜ ብቅ ካሉ በኋላ ወዲያው ይሰወሩ። ለትንንሾቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ መብራቱ እንደበራ አንድ ዙር ቢያዘጋጁላቸው እናቶቻቸው ያመሰግኑዎታል።

ጥያቄ፦ ወለሉ ላይ የሚንሳፈፍ ጭስ እንዲኖረን ፈልገን ድራይ አይስ ለመግዛት አስበናል። ቦታው መስኮት የሌለው ምድር ቤት ነው። ችግር አለው? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ አዎ፣ ከባድ ችግር አለው፤ ባያደርጉት እመርጣለሁ። ድራይ አይስ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚደርስ ባዶ እጅ ከነካው ያቆስላል፤ አንዱ ኪሎ ወደ ጋዝ ሲለወጥም ከ500 ሊትር በላይ ይሆናል። ይህ ጋዝ ከአየር የከበደ በመሆኑ ወለል ላይ ይተኛል፤ ምድር ቤት ውስጥ ወደ ወለሉ የቀረበውን አየር የሚተነፍሱት ደግሞ ሕፃናት ናቸው። በተከደነ ዕቃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ዕቃውን ሊያፈነዳው ይችላል።

የሚሻለው ትንሽ የጭስ ማሽን መከራየት ወይም መዋስ ነው። ከማሽኑ የሚወጣው ጭስ ሞቃት ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ መጠጥ ማቀዝቀዣ ሣጥን ሁለት ቦታ ቀድደው፣ ውስጡን ተራ በረዶ ሞልተው ጭሱን በዚያ ቢያሳልፉት ይቀዘቅዝና ወለል ለወለል ይሄዳል። ማሽኑ የጭስ ጠቋሚውን ሊያስጮኸው ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው ማሽኑ ነው፤ ጠቋሚውን መንቀል አይገባም። አስም ያለበት ልጅ መኖሩንም በር ላይ ይጠይቁ። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥል ስለሚችል፣ ካለዎት መግቢያው ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጥፉ።

ጥያቄ፦ ለቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ማኅበር ገቢ ማሰባሰቢያ እንዲሆን በሰው አምስት ዶላር ብናስከፍልስ?

መልስ፦ ልጆችን በነፃ መጋበዝና ለሕዝብ ከፍቶ ማስከፈል በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የሚያስከፍል የማስፈራሪያ ቤት በብዙ ቦታ እንደ ልዩ መዝናኛ ተቆጥሮ የጭስ ጠቋሚ፣ ውኃ የሚረጭ የእሳት መከላከያ፣ ምልክት ያለበት መውጫና ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል። ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት የአካባቢያችሁን የእሳት አደጋ መከላከያ ቢሮ ጠይቁ፤ የአዳራሹ ኢንሹራንስ እንዲህ ያለውን ዝግጅት የሚሸፍን መሆኑንም በጽሑፍ አረጋግጡ። ፈቃዱ አስቸጋሪ ከሆነ፣ የማስፈራሪያውን መንገድ በግቢው ውስጥ ጣሪያና ግድግዳ በሌለው ክፍት ቦታ ላይ ማዘጋጀት ይቀልላችሁ እንደሆነ እዚያው ቢሮ ጠይቃችሁ መረዳት ትችላላችሁ።