አሶሼት ጨርሶ ወይስ ሳይጨርሱ ትራንስፈር? ጥያቄና መልስ

እሺ፣ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ጥያቄው ይኸው ነው፦ አሜሪካ ውስጥ የኮሚኒቲ ኮሌጁን የሁለት ዓመት ዲግሪ (አሶሼት) ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር (ትራንስፈር) ይሻላል ወይስ ሳይጨርሱ? እኔ በኖቫ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ በኩል አልፌ ነው ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ልጆች ወረቀታቸውን ይዘው ይመጡብኛል። የማውቀው ቨርጂኒያን ነው፣ ሜሪላንድን በመጠኑ። ስትጠይቁ ስቴታችሁን፣ ሜጀራችሁን (ዋና የትምህርት መስካችሁን) እና የምትፈልጉትን ዩኒቨርሲቲ ጻፉ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ጋሼ። ዲግሪውን ልጨርስ ወይስ እንደያዝኩት ልሂድ?

መልስ፦ ስቴት? ሜጀር? ጋሼ ደግሞ ገና ነኝ።

ልጅት ከአናንዴል፦ ኖቫ ነኝ፣ 34 ክሬዲት አለኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ።

መልስ፦ እንዲህ ይጠየቃል! ጨርሺ። ኖቫና ሜሰን ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አላቸው። የትኛው ኮርስ ለየትኛው እንደሚያዝ እስከ ባችለሩ ድረስ ተዘርግቶልሻል። ሌሎቹም የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ከኮሚኒቲ ኮሌጆቹ ጋር የቅበላ ስምምነት አላቸው። ብዙዎቹ ስምምነቶች በር የሚከፍቱት ዲግሪውን ለያዘ ነው። ጄኔራል ኤጁኬሽኑም (ሁሉም የሚወስዳቸው መሠረታዊ ኮርሶች) ባብዛኛው በጅምላ ያልፍልሻል። ሳትጨርሺ ከሄድሽ ግን እያንዳንዱ ኮርስ ለብቻው ይመዘናል። ዲ ያገኘሽበት ካለ እሱን እርሺው።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። ዲግሪ ሁሉ አንድ አይደለም። ኤ ኤስ (ሳይንስ) እና ኤ ኤ (አርትስ) የሚባሉት አሶሼቶች ለትራንስፈር የተሠሩ ናቸው። ኤ ኤ ኤስ፣ ማለትም አፕላይድ ሳይንስ፣ በቀጥታ ለሥራ ነው። አንዲት ፊደል ናት፣ ግን ዓመት ትበላለች።

ባለፈው አንድ ልጅ የክሬዲት ግምገማውን ይዞ መጣ። ኢንጂነሪንግ ነው የሚፈልገው። ከ41 ክሬዲቱ የ11ዱ ፊት ለፊት «ኢሌክቲቭ»፣ ማለትም የምርጫ ኮርስ፣ ተጽፏል። ክሬዲቱ አልጠፋም፣ ግን ወደ ሜጀሩ አንድ ስንዝር አላስጠጋውም። ከእነሱ አንዱ ሂሳብ 154 ነው። ቀላል ነው ብለውት ነው የወሰደው። 154 ወደ ካልኩለስ አያደርስም! የኢንጂነሪንግና የኮምፒውተር ሳይንስ መንገድ 161፣ 162፣ ከዚያ 263 ነው። ልጁ እንደገና ከ161 ጀመረ።

እናት፦ ልጄ ነርሲንግ ትፈልጋለች። ሞንጎመሪ ኮሌጅ፣ ሜሪላንድ።

መልስ፦ እትዬ፣ ነርሲንግ የራሱ ዓለም ነው። አሶሼቱን ከጨረሰች ኤንክሌክስን፣ የነርሶችን የፈቃድ ፈተና፣ አልፋ አር ኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) ትሆናለች። እየሠራች ባችለሩን ትቀጥላለች። ታጠናቅቅ።

የሌሊት ሹፌር፦ አሶሼት ማለት አገር ቤት ዲፕሎማ የምንለው አይደል? ዘመድ ሲጠይቅ ምን ይባላል?

እህት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ዲፕሎማ ብትለው ምን አለበት? እኛን ያስተማሩን ባለ ዲፕሎማ አይደሉም እንዴ? ዘመድ ክፍያህን አይከፍልም።

የሌሊት ሹፌር፦ አንቺ ሥራ ላይ ስለሆንሽ ነው። እኔ 54 ክሬዲት ይዤ አቁሜ ይኸው ኤርፖርት እመላለሳለሁ።

መልስ፦ የዘመድ ጉዳይ በኋላ። ቀጣይ።

ተማሪ፦ ኤፍ ዋን (የተማሪ ቪዛ) ነኝ። አሶሼት ብጨርስ ኦፒቲ (ለተማሪ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ) ይቃጠልብኛል?

መልስ፦ አይቃጠልም። ለየደረጃው 12 ወር አለ፣ ለባችለሩ ሌላ ታገኛለህ። የቀረውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቅ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ አይደለሁም።

ስም የለሽ፦ ፔል ግራንትስ፣ የፌዴራል የትምህርት ድጎማው?

መልስ፦ ጣሪያው 12 ሴሚስተር ነው። ኮርስ እየደጋገማችሁ አትጨርሱት።

ዳላስ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተምሬ ነው የመጣሁት።

መልስ፦ ቴክሳስን አላውቅም። ግን መጀመሪያ ትራንስክሪፕትህ ከሬጅስትራር በቀጥታ ይላክ፣ ከዚያ በየኮርሱ አስገምግም። የኮርሶቹን ሲላበስም ያዝ፣ ይጠይቁሃል። ብዙ ከተያዘልህ አሶሼቱ ላያስፈልግህ ይችላል።

ኦክላንድ፦ ካሊፎርኒያስ?

እህት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚያ አሶሼት ዲግሪ ፎር ትራንስፈር የሚባል አለ። በካል ስቴት፣ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ቦታ ያስገኛል። የወደድሽውን ካምፓስ ግን አይደለም።

መልስ፦ እሷ ያለችው ነው።

አዲስ ገቢ፦ ስለዚህ በአጭሩ መጨረስ ይሻላል ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ! ስቴት! ሜጀር!

አዲስ ገቢ፦ ሜሪላንድ። ሜጀር ገና አልወሰንኩም።

መልስ፦ ካልወሰንክ ጨርስ። ኤ ኤ ኤስ እንዳትገባ ብቻ። 154ንም ዝም ብለህ... አይ፣ እሱ የቨርጂኒያ ቁጥር ነው። ያንተን ኮሌጅ አድቫይዘር ጠይቅ።

አሁን ሹፌሩ፣ 54 ክሬዲት ነው ያልከው? የት ነው?

የሌሊት ሹፌር፦ ኖቫ። ቢዝነስ፣ ኤ ኤስ።

መልስ፦ አሶሼቱ እኮ 60 ገደማ ነው። ክሬዲቶቹ የሜጀሩ ከሆኑ ሁለት ኮርስ ነው የቀረህ! ትራንስክሪፕትህን አውጣና አድቫይዘር ያዝ።

የሌሊት ሹፌር፦ ዛሬ ማታ ተሳፋሪ ስጠብቅ እደውላለሁ።

መልስ፦ ማታ ቢሮው ዝግ ነው። ነገ ጠዋት ሳትተኛ ደውል።