እናቴ የቧንቧ ውሃ አልጠጣም አለች

ጥያቄ፦ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። በመጣ ቁጥር ክሎሪን ይሸታል። እናቴ «መድኃኒት አልጠጣም» ብላ ከሮቶው ብቻ ታስቀዳለች። የሮቶው ውሃ አይሸትም። ልክ ናት? ለመሆኑ ውሃው ይመረመራል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የፈሩት ሽታ ግን ጠባቂያቸው ነው።

ጡረታ እስክወጣ የውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ናሙና የምንወስደው ከማጣሪያው ብቻ አልነበረም፤ ከሰው ቤት ቧንቧም እንቀዳ ነበር። ውሃው ከለገዳዲም ይምጣ ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ እናንተ ጋ እስኪደርስ ረጅም ቱቦ ያቋርጣል። በፈረቃ ምክንያት ቱቦው ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይጠፋል። ያኔ በተሰነጠቀ ቦታ ቆሻሻ ሊገባ ይችላል። እዚያ ላይ የሚደርስልን ውሃው ውስጥ የቀረው ክሎሪን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ቤት ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲቀርበት ይመክራል። ለጤና የተቀመጠው ጣሪያ 5 ሚሊግራም ነው። አንዳንድ ሰው ግን 0.3 ሲሆንም ይሰማዋል። እናትሽ ከእነዚህ አንዷ ይመስሉኛል።

የጀርም ምርመራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቧንቧው አፍ በእሳት ይለበለባል። ጠርሙሱ ውስጥ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ኬሚካል አስቀድሞ ይገባል። አለዚያ ክሎሪኑ መንገድ ላይም ጀርም እየገደለ ውጤቱን ያሳስታል። ናሙናው በበረዶ ሣጥን ይጓዛል። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ጀርም) መገኘት የለበትም። ችግሩ፣ ውጤቱ የሚታወቀው በማግስቱ ነው፤ ሰዉ ውሃውን ጠጥቶታል። የክሎሪን ምርመራ ግን እዚያው በደቂቃ ያልቃል። የመመርመሪያው ኬሚካል ሲጨመርበት ክሎሪን ያለው ውሃ ሮዝ ይሆናል። ካልቀላ ያሳስበኝ ነበር።

የሮቶው ውሃ የማይሸተው ክሎሪኑ ስላለቀ ነው። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ደግሞ አቧራና የወፍ ኩስ ይገባበታል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አስከፍቺና እይው። ታጥቦ የማያውቅ ከሆነ ባዶ አድርጋችሁ ፈትጉት፣ በበረኪና አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁት። እስከዚያ ከሮቶ የሚጠጣው ይፈላ፣ ወይም «ውሃ አጋር» የሚባለው የውሃ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ይጨመርበት።

ለእናትሽ በቀጥታ ከቧንቧው በንጹሕ ጆግ ቅጂላቸው። ከድነሽ ጥቂት ሰዓት አቆዪው፤ ሽታው ይቀንሳል። በዚያው ቀን ይጠጡት። ፈረቃው ሲጀምር የሚመጣው ድፍርስ ውሃ ለወለል ይሁን፤ ሲጠራ ቅጂ። ድፍርሱ አልጠራ ካለ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈሽ አመልክቺ፣ ናሙናውም ከራሳችሁ ቧንቧ እንዲወሰድ ጠይቂ።